የእመት ብርቄ ጉልበት

«እግሩ የኔ፣ ምስክሩ መምሬ ካሣዬ! የት አገር ነው እንዲህ ያለ ፍርድ?» እመት ብርቄ በአሰላው ሆስፒታል በረንዳ ላይ ተቀምጠው ይነጫነጫሉ።

ከአዲስ አበባ የመጣው ሹም ውስጥ ሆኖ የህንዱን የሚስተር ቶማስን ጉዳይ ይመረምራል። ሰውዬው የደረቀ እግር የሚያፍታታ ሐኪም ነው፤ ዲፕሎማው የቦምቤይ ነውና እዚህ አይሠራበትም ከተባለ ወደ አገሩ መሸኘቱ ነው። ጸሐፊው ምስክር ሲጠራ፣ «እማማ ፊደል አልቆጠሩ፣ ምን ያውቃሉ?» ብሎ አለፋቸው።

ያናደዳቸው ይህ ነው። ያቃጠላቸው ግን ሌላ ነው። ዐምና ከሳጉሬ ገበያ ሲመለሱ በቅሎ ጥላቸው ጉልበታቸው አልታጠፍ ሲል፣ ክረምቱን ሙሉ ጭናቸውን እያሸ፣ ጉልበታቸውን እያጠፈ እያስለቀሰ፣ ወፌ ቆመች እንደሚባል ሕፃን ደግፎ ያስኬዳቸው ይኸው ህንድ ነው። ታዲያ ባዳ ወንድ ጭኔን ያዘው እንዴት ይባላል? ማኅበር ላይ «የማርያም ጸበል ነው ያዳነኝ» አሉ። መምሬ ካሣዬ ተአምሩን በዓውደ ምሕረት ተናገሩት፤ ሴቱ እልል ሲል እሳቸውም አብረው እልል አሉ።

አሁን የመምሬ ድምፅ በመስኮቱ ይወጣል። «ህንዱ? እመት ብርቄን ያዳነቻቸው ማርያም ናት። ከራሳቸው አፍ ሰምቻለሁ።»

«እንግዲያው ይህ ሰው ማንን አዳነ?» አለ ሹሙ።

ሌሎቹ የዳኑት የሩቅ ገጠር ሰዎች ናቸው፤ ማን ያመጣቸዋል? ሚስተር ቶማስ በመስኮቱ እመት ብርቄን አያቸው። በጣቱ ቢያመለክት ይበቃው ነበር። አላመለከተም፤ አንገቱን ደፋ።

«ምነው በሰደበኝ!» አሉና ተነሥተው በሩን ገፉት።

«እማማ፣ አልተጠሩም እኮ!» አለ ጸሐፊው።

«ዞር በል አንተ ጥጋበኛ! እግሬ ተጠርቷል።»

መምሬ ደነገጡ። «እመት ብርቄ፣ ምን ሆኑ?»

«በማርያም ስም ዋሽቻለሁ፣ አባቴ። ንስሐውን ኋላ ይስጡኝ።»

ፊታቸው እንደ ፍም ጋለ። ወንበር ስበው ተቀመጡና ቀሚሳቸውን ከጉልበታቸው በላይ ሰበሰቡ። ሟች ባላቸው እንኳ በቀን ብርሃን ያላየውን እግር ለሹም፣ ለቄስና ለጸሐፊ ዘረጉት።

«ቶማስ፣ ና። እንደዚያ ጊዜ ያዝና እጠፈው። አንተ ሹም ደግሞ ዐይንህን አታሽሽ፤ ያን ወረቀት አስቀምጥና ቀረብ ብለህ እይ!»