የግራር ውሃው ማሳ

ዋሴ ከለቅሶው ዳስ ሹልክ ብሎ ወጥቶ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ የግራር ውሃውን ማሳ ከዳር እስከ ዳር በእርምጃ ሲለካ አዛለች በዳሱ ቅጠል መሐል አየችው። የባሏ ሣልስት ነበር። ለቀስተኛው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ፣ ጠላውን ቀማምሶ፣ ስለ ሟቹ ደግነት ማውራት ጀምሯል። ዋሴ ከማሳው ዳር ሲደርስ ቆመና ዞሮ እንደገና ለካ። መቼም አምስት ወንዶች ልጆች ያሉት ሰው አንድ ጊዜ ለክቶ አያምንም።

ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። የሟቹ የጎሹ ታናሽ ወንድም ነው፤ በቀብሩ ዕለት ደረቱን ሲደልቅ ውሎ ድምፁ እስካሁን አልተከፈተም። ግን ወግ ወግ ነው። ጎሹና አዛለች ልጅ አልወለዱም፤ ልጅ ሳይወልድ የሞተ ሰው ርስት ደግሞ ወደ ወንድሞቹ ይመለሳል እንጂ ለሚስቱ አይተርፍም። ሚስት የራሷ ርስት ካላት እሱን ይዛ ትኖራለች፤ ከሌላት ወደ ወገኖቿ ትሄዳለች። አዛለች ከቆላው ከዛሪማ ተድራ የመጣች ናት። አባትና እናቷ ሞተዋል፤ አንድ ወንድሟንም ጣሊያን ገድሎባታል። ከአርባው በኋላ የት እንደምትገባ አታውቅም።

ይህ ፍርሃት እንባዋን አድርቆባት ነበር። አልቃሿ የጎሹን ስም እየጠራች ሰዉን ስታስለቅስ፣ አዛለች ግን በልቧ ማሳውን፣ ጎጆውንና ሁለቱን በሬዎች እየዞረች ትሰናበት ነበር። እንዲህ በማሰቧም ታፍራለች። ሃያ አምስት ዓመት አብሯት የኖረ ሰው ሞቶ ስለ በሬ ታስባለች!

ጎሹ ከደባርቅ እስከ ድብ ባሕር የታወቀ ተሟጋች ነበር። ይህን ማሳ ከባላምባራስ አለነ እጅ ለማውጣት አሥራ አንድ ዓመት ተሟግቷል። ደባርቅ ሲረታ ባላምባራሱ ይግባኝ አሉ፤ ነገሩ ጎንደር ወርዶ እዚያ ከረመ። አዛለች በየቀጠሮው ስንቅ ስትቋጥር፣ እሱ ደግሞ በየቀጠሮው ጫማውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሲወጣ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ይስቅ ነበር። በ፲፱፻፵፰ ዓ.ም. ረትቶ ተመለሰ። በዚያን ቀን ማሳው መሐል ቆሞ ሲፎክር ከወንዙ ማዶ ያሉ ሰዎች ጠብ የተነሣ መስሏቸው ዱላ ይዘው መጥተዋል።

ከዚያ ወዲያ «ርስቴ» ሳይል የዋለበት ቀን የለም። አንድ ክረምት ላይ አዛለች ነጭ ሽንኩርት የምትተክልበት ጥግ እንዲሰጣት ጠየቀችው። ጎሹ ሦስት ቀን አሰበ። በአራተኛው ቀን ሽማግሌ የተላከበት ሰው ይመስል ጉሮሮውን ጠርጎ፣ እስከ ግራሩ ጥላ ድረስ እንድትተክልና ከዚያ እንዳታልፍ ፈቀደላት። ጥላው ጠዋት ረጅም ቀትር ላይ አጭር ስለሆነ በየትኛው ሰዓት እንደሚለካ ብትጠይቀው ተቆጣ። ያም ሆኖ ክፉ ቃል ተናግሯት አያውቅም፤ ልጅ ባለመውለዳቸው ዘመዶቹ ሌላ አግባ ቢሉትም አልሰማቸውም።

በሰባተኛው ቀን፣ ሰው ሳሳ ሲል፣ ዋሴ አጠገቧ መጥቶ ተቀመጠ። መሬቱን በጭራሮ ይጭር ጀመር።

«አዛለች እቴ» አላት፤ «እስከ አርባው ማንም ክፉ አይናገርሽም። ከዚያ በኋላ ግን ልጆቼ የሚያርሱት የላቸውም። የኔን ታውቂዋለሽ፣ ለድንጋይም አይበቃ። ምን ላድርግ?»

አዛለች እግዜር ያክብርህ አለችው። ሌላ ምን ትላለች? ወጉን እሷም ታውቀዋለች።

ከዳሱ ጀርባ ይህን ሁሉ ያዳመጠችው ሰብለ ወንጌል ግን ዝም አላለችም። ጎረቤቷ ናት፤ ሦስት ባል ቀብራ ሦስቴ ስለ ውርስ የተሟገተች፣ ከዳኛ ባልተናነሰ ሕግ የምታውቅ ሴት። አዛለችን ክንዷን ይዛ ወደ ጓዳ ወሰደቻትና በሹክሹክታ አጣደፈቻት። የሙት ወቃሽ አያርገኝ እንጂ፣ አለች፣ ጎሹ የሆዱን በሆዱ የሚይዝ ሰው ነበር፤ ማሳውን ከአባቱ ይውረሰው በገንዘቡ ይግዛው ማን ያውቃል? በትዳር ውስጥ የተገዛ ከሆነ እኩሌታው የሚስት ነው። የመሬቱ ነገር በቤተ ክርስቲያኑ ወንጌል ላይ ተጽፏል ሲባል ትሰማለች፤ ይታይ።

በማግሥቱ ሁለቱ ሴቶች ቅዱስ ሚካኤል ሄዱ። መሪጌታ ሀዳነ ወደዚህ ደብር ከመጡ ገና አምስት ዓመታቸው ነው፤ ያለፈውን ሙግት በዝና እንጂ በዓይን አያውቁትም። ወንጌሉን ከዕቃ ቤቱ በጨርቅ ጠቅልለው ወደ ደጀ ሰላሙ አወጡትና ከመጀመሪያው ምዕራፍ በፊት ባለው ባዶ ብራና ላይ የሰፈረውን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። የጎሹ አያት ስም ከላይኛው ደጋ ካለች አንዲት ቁራሽ መሬት አጠገብ ተገኘ። የግራር ውሃው ማሳ ግን ሌላ ቦታ ነው የተጻፈው። የጥንት ነገሥታት ለወይዘሮ ወለተ ሚካኤልና ለልጅ ልጆቿ የሰጡት ርስት ነው፤ ሻጭም ገዥም የለበትም።

መሪጌታ የጎሹን ዘር በአባቱም በእናቱም እስከ ሰባት ቤት ቆጠሩ። ሦስት ጊዜ ቆጠሩ። ወለተ ሚካኤል የምትባል የለችም።

 ዘር በሐሰት ቆጥሮ፣ ምስክር ገዝቶ የሰው ርስት የሚረታ ሰው በአገሩ ጥቂት አይደለም፤ እንዲህ ያለው ነገር ሲነሣ ጎሹ ራሱ ምራቁን ይተፋ ነበር። እሱስ ይህንኑ አድርጎ ይሆን? አዛለች እስካሁን የፈራችው ለራሷ ነበር፤ አሁን ለነፍሱም ፈራች።

«ጎንደር ሂጂ ልጄ» አሉ መሪጌታ ወንጌሉን እየጠቀለሉ። «ፍርዱ መዝገብ ቤት ይገኛል። በእውነት ረትቶ ከሆነ ታርፊያለሽ። በሐሰት ከሆነም ባለርስቱን ፈልገን እንመልስለታለን፤ ነፍሱ በሰው መሬት ታስራ አትቅር።»

ባሏ አፈሩ ሳይደርቅ ማኪና ተሳፈረች ብሎ አገሩ አማት። አዛለችና ሰብለ ወንጌል ግን ሊማሊሞን በእግራቸው ወጥተው፣ ከደባርቅ በእህል ጫኝ ማኪና ጀርባ ላይ ከጆንያ መሐል ተቀምጠው ጎንደር ገቡ።

የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያሰረ፣ አቧራ ባስነጠሰው ቁጥር ራሱን «ይማርህ» የሚል ሰው ነበር። የሟቹን ስም ጠይቆ በከሳሾች ተራ ይፈልግ ጀመር። ከ፲፱፻፴፯ ጀምሮ ዓመት በዓመት ወረደ። አንድ ጎሹ ስለ በቅሎ ከስሷል፤ አንድ ጎሹ ስለ ስድብ ከስሷል፤ ስለ ግራር ውሃ የከሰሰ ጎሹ ግን የለም። ሴቶቹን ለነገ ቀጠራቸው። በነገታውም የለም። ጸሐፊው መዝገቡን ሊዘጋ ሲል ሰብለ ወንጌል የተከሳሹን ስም ጣል አደረገችለት፤ በተከሳሾች ተራ ባላምባራስ አለነን ፈልጎ ለማግኘት የፈጀበት አንዲት ማስነጠስ ብቻ ነው።

«ይኸው» አለ። «ግን ባላምባራሱን የረታቸው ጎሹ አይደለም። አንዲት ሴት ናት። ወይዘሮ አዛለች ክንዴ፣ የዛሪማ ተወላጅ። ያውቋታል እናቴ? ዘመድዎ ናት?»

 አዛለች ራሷ ሌላ አዛለች፣ ሌላ ክንዴ፣ ሌላ ዛሪማ ይኖር እንደሆነ ለአፍታ አሰበች። ሰብለ ወንጌል በክርኗ ጎሰመቻትና ለጸሐፊው፣ ሴትየዋን በደንብ እንደሚያውቋት፣ ትናንትም ከእሷ ጋር አንድ ቤት እንዳደሩ ነገረችው። ጸሐፊው ነገሩ ሲገባው መነጽሩን አውልቆ አዛለችን አያት፤ ከዚያ መልሶ አደረገና ፍርዱን ከመጀመሪያው አነበበላት፤ ግልባጩንም ጽፎ ሰጣት።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር መጣላት። በእጮኝነታቸው ጊዜ፣ ዘመዳሞች እንዳይጋቡ ሽማግሌዎች ሰባት ቤት ሲቆጥሩ፣ እናቷ በጣቷ እየቆጠረች በመጨረሻ ወለተ ሚካኤል ላይ ደርሳ ነበር፤ ከዚህ አገር ወደ ዛሪማ የተዳረችው አያት። ማንም ልብ አላለውም። ለሽማግሌዎቹ ሰባቱ ስም አለመግጠሙ በቃቸው። ጎሹ ግን ከኋላ ተቀምጦ ይሰማ ነበር። ከተጋቡ በኋላም አንድ ቀን ደባርቅ ገበያ ወስዷት፣ አንድ ቢሮ አስገብቶ፣ አውራ ጣቷን ቀለም አስነክሮ ወረቀት ላይ አስጫናት። ምንድን ነው ብትለው የመንግሥት ነገር ነው አላት። የውክልና ወረቀት ኖሯል። ልጅ እግር ሚስት ባሏን ይህን ያህል ነው የምትጠይቀው።

ወደ ቤት ሲመለሱ ከጆንያው ላይ ሆና ትንፋሿ እስከ ሆዷ ሲወርድ ተሰማት። ከሞተ ጀምሮ እንዲህ ተንፍሳ አታውቅም። አልሰረቀም። አልዋሸም። እሷም የትም አትሄድም። ዳባት ሲደርሱ ድንገት ብስጭት መጣባትና ለሰብለ ወንጌል የነጭ ሽንኩርቱን ነገር ነገረቻት። በገዛ መሬቴ ሦስት ቀን አሰበብኝ፣ አለች። ሰብለ ወንጌል ከሣቋ ብዛት ከማኪናው ልትወድቅ ስትል ሾፌሩ ተቆጣቸው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሰዉ በዳሱ ሲሰበሰብ፣ አዛለች የፍርዱን ግልባጭ ለመሪጌታ ሀዳነ ሰጠቻቸውና በሰው ፊት እንዲያነቡት ለመነቻቸው። መሪጌታ ረጋ ብለው አነበቡ። ቀኑን፣ የዳኞቹን ቃል፣ ከወለተ ሚካኤል እስከ አዛለች የተቆጠረውን ዘር አነበቡ። ከዚያም የወኪሉን ቃል።

«እኔ ጎሹ በዚህ መሬት ላይ ከማረስ በቀር ድርሻ የለኝም። ርስቱ የሚስቴ የአዛለች ነው። እግዜር ልጅ አልሰጠንም፤ እኔ ብሞት ወንድሞቼ የኔ መስሏቸው እንዳያስለቅቋት ፍርዱ በስሟ ይጻፍልኝ።»

 ሁሉም ዋሴን አየ። ዋሴ ራሱን አቀረቀረና ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። የሚያለቅስ መስሏቸው አንድ ሁለቱ ሊያጽናኑት ተነሡ። እየሣቀ ነበር።

«አባታችን በሚስቱ መሬት የሚኖር ሰው ሲያይ ‹የሚስቱ ጭሰኛ› እያለ ይስቅበት ነበር» አለ ዓይኑን በጋቢው እየጠረገ። «ከሁላችን በላይ ይስቅ የነበረው ጎሹ ነው። ለካ የራሱን ነገር በሣቅ ሲሸፍን ኖሯል! በሞቴ እቴ፣ ላንቺ እንኳ አልነገረሽም?»

አልነገረኝም አለችው። በሚስትና በርስት ቀልድ የለም ይባላል፤ ጎሹ ሁለቱንም በአንድ ሆዱ ውስጥ ይዞ ነው የኖረው። ለቀስተኛው መጀመሪያ አፉን ሸፍኖ፣ ኋላ ሳይሸፍን ሣቀ። መሪጌታ እንኳ አፋቸውን በዝንብ ጭራቸው ከለሉ። ሣቁ ሲበርድ አዛለች ዋሴን ጠርታ፣ ልጆቹ ምርቱን ከእሷ ጋር እየተካፈሉ ማሳውን እኩል አራሽ ሆነው እንዲይዙት ነገረችው። እኔ ሞፈር አልይዝ፣ አለችው፣ አንተም ልጆችህን ድንጋይ አታሳርስ። ዋሴ ተንበርክኮ ጉልበቷን ሊስም ሲል ከለከለችው። ፊቱ ላይ ያየችው የመሬት ደስታ ብቻ አልነበረም፤ የወንድሙን ሚስት ከማባረር በመዳኑም ተንፍሷል።

ሰው መነሣት ጀመረ። መሪጌታ ወረቀቱን አጥፈው ሊመልሱላት እጃቸውን ሲዘረጉ አዛለች አልተቀበለቻቸውም።

«የኔታ፣ እኔ ፊደል አላውቅም። የጎሹ ስም የቱ ጋ ነው?»

መሪጌታ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ጣቷን ይዘው፣ ከመስመሩ መሐል ባለችው ስም ላይ አሳረፉላት። ሦስት ፊደል እንኳ አትሞላም፤ አንዲት ጣት ትሸፍናታለች። ያን ጊዜ እንባዋ መጣ፤ ድምፅ የለውም፣ ዝም ብሎ ይወርዳል። ለቀስተኛው በየተራ እየመጣ እግዚአብሔር ያጽናሽ ሲላት በግራ እጇ እየተሰናበተች አሜን ትላለች። መሪጌታ ደጃፍ ላይ በቅሏቸው ተጭና ትጠብቃቸው ነበር፤ ግን አልተነሡም። አዛለች ጣቷን እስክታነሣ ድረስ ጉልበታቸውን ሳያንቀሳቅሱ ተቀመጡ።