የፈትል ክፍል ቋጠሮ

እናቴ አቻምየለሽ አቃቂ ካለ የክር ፋብሪካ ፈትል ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ሳሏም ከዚያው ከጥጥ ብናኝ የመጣ ነው። ድሮ ይህን የማያውቅ ጎረቤት አልነበረም። ፋብሪካው ለብናኙ ማርከሻ ብሎ ለሠራተኛው ወተት ያድል ነበር፤ አብራት የምትሠራው ሥርጉት የራሷን ድርሻ ይዛ ትመጣና፣ «ያንቺ ደረት ይብሳል፣ ጠጪ» ትላት ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ስደርስ፣ በ1993፣ ሰፈራችን ውስጥ በየሳምንቱ የልቅሶ ድንኳን ይተከል ጀመር። በሽታውን በስሙ የሚጠራው የለም። ከዚያ ወዲህ የሚያስለውን ሁሉ ሰው ይሸሸው ጀመር።

የእድሩን ሴቶች የሚያዙት እትዬ ወለተሥላሴ እናቴን ከወጥ ቤት አስነሷት።

«አንቺ አረፍ በይ አቻምዬ፣ ጭሱ ይጎዳሻል።»

ድምፃቸው የአዛኝ ነበር። በሚቀጥለው ልቅሶ ሻይ ሲዞር ለእናቴ የደረሳት ኩባያ እጀታው ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል። ሌላ ክር ያለው ኩባያ አልነበረም። እናቴ ሳትጠጣው አስቀመጠችው።

ቤት ገብታ አለቀሰች። «ከሴቶቹ ተለይቼ ምን ልሆን ነው?» አለችኝ። ጡረታ ከወጣች ወዲህ ከእነሱ ሌላ ሰው የላትም።

ጤና ጣቢያ ወስጄ አስመረመርኳት። ነፃ ናት። ውጤቱ የተጻፈበትን ወረቀት ፕላስቲክ አስለብሼ ሰጠኋት፤ ትልቅ ብልሃት የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ሴቶቹ እየተቀባበሉ አዩት። ማንበብ የማይችሉት እንኳ ማኅተሙን በጣታቸው ዳሰሱ።

«እኛ መቼ ጠረጠርንሽ!» አሉ እትዬ ወለተሥላሴ። ሁሉም ሳቁ፤ እናቴም ሳቀች። ማማሰያው ተመለሰላት።

ግንቦት ላይ ሌላ ልቅሶ ሆነ። ለማገዝ ከሴቶቹ ጋር ጓዳ ነበርኩ። ሥርጉት ወደ ድንኳኑ ስትገባ አየናት። የከባድ መኪና ሾፌር የነበረው ባሏ በጥር ተቀብሯል፤ እሷም ቀሚሷ እስኪሰፋት ከስታለች።

«እሷስ ወረቀት አላት?» አለች አንዷ።

«አቻምየለሽ አምጥታ የለ? ንጹሕ ሰው ምን ይፈራል?» አሉ እትዬ ወለተሥላሴ።

ያንን ወረቀት ያስወጣሁት እኔ ነኝ። እናቴ ስለ ወተቱ አንድ ቃል ትናገራለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ጀርባዋን ሰጥታን ኩባያዎቹ ላይ አጎነበሰች። እኔም አፌን አልከፈትኩም።

ሻዩን ይዘን ወጣን። ሥርጉት የደረሳትን ኩባያ አዙራ አየችው። ቀዩን ክር በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ፈትል ክፍል ውስጥ ክር ሲበጠስ የሚቀጠለው በእጅ ነው፤ አብረው የሠሩ ሴቶች አንዷ የሌላዋን ቋጠሮ ይለያሉ።

«እጅሽ አልረሳም፣ አቻምዬ» አለቻት በቀስታ። «ይቺ ቋጠሮ ያንቺ ናት።»



«ይቀዘቅዝብሻል፣ ጠጪ» አለቻት እናቴ።

ሥርጉት አንጠፍጥፋ ጠጣችው። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ማንንም ሳትሰናበት ወጣች። የጠጣችበትን ኩባያ እናቴ በሁለት ጣቷ፣ የሞተ አይጥ እንደሚያነሳ ሰው አንጠልጥላ ወሰደችው።

እኔ የያዝኩትን ሻይ ሳልጨርሰው አስቀመጥኩት። እናቴ ስትመለስ ፊቴን አይታ ጎኔን ነካ አደረገችኝ።

«ምነው? ጠጪ እንጂ፤ ያንቺ ንጹሕ ነው።»