ጨው የተነሰነሰበት ዳታ

እኛ ላብራቶሪ ውስጥ «ጨው» የሚባል ነገር አለ። የሚበላው አይደለም። መሣሪያው ያላየው የውሸት ምልክት ሆን ተብሎ ዳታው ውስጥ ይነሰነስና፣ ነቅተን እንደምንሠራ ወይም እንደተኛን በዚያ ይታያል። ጨው መኖር አለመኖሩን የሚያውቁት አለቃዬ ብቻ ናቸው። ደንቡም አንድ ነው፦ ሥራው እስኪያልቅ ትንፍሽ አይሉም። ይህን አውቄ ነው የገባሁት፤ አልነገሩኝም ብዬ አላለቅስም።

ዶክትሬቴን ከያዝኩ ወዲህ በኮንትራት የምሠራ ተመራማሪ ነኝ። ባሌና ልጄ ሌላ ከተማ፣ አማቴ ቤት ናቸው። ልጄን ጡት ባስጣልኳት ማግስት ነው ትቻት የመጣሁት፤ ሁለት ዓመት አለፈው። እንግዲህ እነሱ ያሉበት ከተማ ዩኒቨርሲቲ ቋሚ የመምህርነት ሥራ ሲሰጠኝ ምን እንደተሰማኝ የወለደ ያውቀዋል።

ችግሩ፣ በዚያው ሳምንት ዳታው ውስጥ አንድ ምልክት አገኘሁ። ምድር ቤት ያለው መሣሪያችን ስንት ዓመት ሲጠብቀው የኖረው ዓይነት፣ ጥርት ያለ። ደጋግሜ አጣራሁት፤ ወይ ፍንክች። እውነተኛ ከሆነ እዚሁ ቋሚ እሆናለሁ፣ ልጄንም አመጣታለሁ። ጨው ከሆነ ግን አለቀልኝ።

ያገኘሁትን ለአለቃዬ አሳየኋቸውና፣ «ዩኒቨርሲቲው መልስ ይፈልጋል። ልሂድ ወይስ ልቆይ?» አልኳቸው። ጨው ነው ወይ ብዬ አልጠየቅኩም፤ አይጠየቅማ።

መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ እንዲህ ያለ ነገር በእጁ ይዞ የሚሄድ ሰው አይቼ አላውቅም።»

«ልጄ» ሲሉኝ፣ ጨው አይደለም ማለታቸው ነው ብዬ አመንኩ። ሥራውን አልፈልግም ብዬ ለዩኒቨርሲቲው ጻፍኩ። ለባሌ ደውዬ ስነግረው «አንቺ ካልሽ» አለና ስልኩን ዘጋ።

ከዚያ በኋላ ለወራት ምድር ቤት ተቀብሬ ሠራሁ። ትናንት አዳራሹ ሞልቶ ሳለ አለቃዬ ተነሥተው፣ «ምልክቱ ጨው ነበር፤ የነሰነስኩት እኔ ነኝ። ባልደረባችን አንድም ሳታጎድል አገኘችው። መሣሪያው ይሠራል ማለት ነው» አሉ። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፣ እጄ ይቆረጥ።

ኮሪደር ላይ ያዝኳቸው። «ያን ቀን ዝም ቢሉኝ ኖሮ እሄድ ነበር። ደንቡም ዝም ይበሉ ነው የሚለው።»

«ብትሄጂ ዳታውን ማን ይጨርሰው ነበር?» አሉኝ፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ የጠየቅኳቸው ይመስል። «አዲስ ሰው ለማሠልጠን ጊዜ አልነበረንም። ደግሞ ወጣት ነሽ፣ ሌላ ሥራ አይጠፋም። ኮንትራትሽ ሲያልቅ ጥሩ የድጋፍ ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ።»

ፊታቸው ላይ እፍረት ፈለግኩ፤ የለም። እርግማኑ አፌ ድረስ መጥቶ ዋጥኩት። ደብዳቤው ያስፈልገኛላ።

ደጅ ወጥቼ ቤት ደወልኩ። ባሌ ያነሳል ብዬ ስጠብቅ ልጄ አነሳች።

«እናትሽ ነኝ» አልኳት።

ወደ አማቴ ስትጣራ ሰማኋት፦ «እማዬ፣ ያቺ ሴትዮ ደወለች።»