የድንቡሼ ሆድ

ነርሷ የድንቡሼን ሆድ መላጨት ስትጀምር እኔ ስለ ቡችሎቹ ነበር የማወራው። ውሻዬ ምጥ ጠንቶባታል፣ ቀደው ካላወጡላት ትሞትብኛለች ብዬ ነው በታክሲ አስጭኜ ያመጣኋት። የእንስሳት ሐኪሙ ለጋ ወጣት ነው። የሆድ ዕቃ የሚያሳየው መሣሪያቸው ተበላሽቶ ጥግ ላይ ጨርቅ ለብሶ ስለተቀመጠ፣ ሆዷን በሁለት እጁ ዳበሳትና ፊቱን አጨማደደ።

«እማማ፣ ውስጧ ትልቅ ነገር አለ። ድዷም ነጥቷል፤ ከውስጥ እየደማች ሳይሆን አይቀርም። ዛሬውኑ ከፍተን ማየት አለብን።»

«ቡችላ ነዋ! ምን ሊሆን ኖሯል፣ ሐብሐብ?» አልኩት። ፊደል ባልቆጥርም የእርጉዝ ሆድ አይጠፋኝም።

እነዚህን ቡችሎች ስንት ዓመት ጠብቄያቸዋለሁ። ለመኝታቸው ካርቶን አዘጋጅቼ አሮጌ ሹራቤን አንጥፌበታለሁ። ድንቡሼ አልወልድ ስትል ጥፋቱን የጣልኩት በጎረቤታችን በልብስ ሰፊው ወንድ ውሻ ላይ ነበር። «ውሻህም እንዳንተ መጮህ ብቻ ነው የሚያውቀው» ብዬ ሰፈሩ እየሰማ አዋርጄዋለሁ። ሰውየው እስካሁን ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል።

ባለቤቴ የውሻዋን ገመድ ይዞ ግድግዳው ሥር ቆሟል። ከመጣን ቃል አልወጣውም። ድሮም ዝምተኛ ነው፤ በቤታችን የሁለታችንንም ድርሻ የማወራው እኔ ነኝ።

ነርሷ ድንገት የመላጫ ማሽኑን አጠፋች። «ዶክተር፣ ይችን ይዩልኝማ።»

ከእምብርቷ በታች ቀጥ ብላ የወረደች፣ ጣት የምታህል ነጭ መስመር። ሐኪሙ በአልኮል ጠረግ አድርጎ ጎንበስ ብሎ አያት።

«እማማ፣ ይቺ ውሻ ከዚህ በፊት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ያውቃል?»

«የማን ውሻ? የእኔ? ዓይኗን ሳትገልጥ ጀምሮ በእጄ ያሳደግኳት! ቢላ የሚባል ነገር ነክቷት አያውቅም።»

«ነክቷታል። ይሄ እንዳትወልድ ማህፀኗ ሲወጣ የቀረ ጠባሳ ነው። ቡችላ የለም።»

ክው አልኩ። የድንቡሼን የተላጨ ሆድ፣ ያን እንደ ከበሮ የተነፋ ሆድ፣ አፍጥጬ አየሁት።

«ቡችላ ካልሆነ ምንድን ነው ታዲያ?»

«ዕጢ ይመስለኛል። ምናልባት ጣፊያዋ ላይ። ያኔ ስትቀደድ ማደንዘዣ መድኃኒቱ አስቸግሯት እንደነበር ባውቅ ጥሩ ነበር። የሚያውቅ ሰው አለ?»

«አላስቸገራትም» የሚል ድምፅ ከኋላዬ መጣ።

ዞር አልኩ። ባለቤቴ ነው።

«ምን አልክ አንተ?»

እኔን አላየኝም። «ቶሎ ነው የነቃችው፣ ዶክተር። ሚስቴ እህቷ ዘንድ የሰነበተች ጊዜ እኔ ነኝ ያሠራኋት። ውሻ በውሻ እንዳንሆን ብዬ ነው።»

ጥፊ ሳይመታኝ ጆሮዬ ጮኸ። የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዝኩ።

«ሆዷ ሲነፋ፣ እኔ ካርቶን ሳነጥፍ፣ አንተ ምን መስሎህ ነበር?»

«የወፈረች መስሎኝ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ፈራሁ። እያደር ደግሞ ባሰብኝ።»

«ማንን ነው የፈራኸው?»

«ማንን ይሆናል ታዲያ!» አለና መሬት መሬቱን አየ።

ልሰድበው አፌን ከፈትኩ። ልብስ ሰፊውን ሳዋርደው ይሄ ሰውዬ እውነቱን እያወቀ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ቆሞ ነበር እኮ!

«እማማ» አለ ሐኪሙ ቀስ ብሎ፣ «ላትነቃ ትችላለች። ካልከፈትናት ግን በእርግጠኝነት አትተርፍም። ልቀጥል?»

«ቀጥል።»

ወተት የመሰለ መድኃኒት እግሯ ላይ በተሰካው መርፌ ገባ። ድንቡሼ ሳታቃስት ጭልጥ አለች። ምላሷ በጎን ወጥቶ ተንጠለጠለ፤ ዓይኗ እንደፈጠጠ ቀረ።

«ገደላችኋት!» ብዬ ጮህኩ።

«ተኝታ ነው እማማ፣ ዓይናቸው አይከደንም» አለች ነርሷ። በጉሮሮዋ ቱቦ ሰደዱና እኛን አስወጥተው በሩን ዘጉ።

ኮሪደሩ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር ነው ያለው። እሱ በአንዱ ጫፍ፣ እኔ በሌላው ተቀመጥን። በውስጤ የሚመላለሰው «ብትሞትስ» የሚለው ብቻ ነበር።

በመጨረሻ ሐኪሙ ላብ በላብ ሆኖ ወጣ። «ጣፊያዋን ከነዕጢው አወጣነው። ዕጢው ጭንቅላቷን ያህላል። እስካሁን በደንብ ትተነፍሳለች። እየነቃች ስለሆነ የምታውቀው ሰው ይግባላት፤ አንድ ሰው ብቻ።»

ባለቤቴ ብድግ አለ።

«ቁጭ በል» አልኩት። ተቀመጠ። እኔ ገባሁ።

ብርድ ልብስ አልብሰዋታል። «ድንቡሼዬ» ስላት ዓይኗን ገለጥ አድርጋ አየችኝ። ከዚያ እኔን አልፋ በሩን አየች። አለቀሰች፤ ልትነሳም ተፍጨረጨረች። ነርሷ በሁለት እጇ ያዘቻት። «ዝም ካላለች ውስጧ ይደማል፣ እማማ! ያባብሏት!»

አባበልኩ፣ ለመንኩ። ድንቡሼ አሁንም በሩን ነው የምታየው። የቀረችኝን ኩራት ዋጥኩና፣

«አንተ ሰውዬ! ና ግባ!» አልኩ።

«እማማ፣ አንድ ሰው ነው የተባለው እኮ» አለች ነርሷ።

«ዛሬ እሱን ከሰው አትቁጠሪው።»

ገብቶ መዳፉን ከአገጯ ሥር አደረገላት። ለቅሶዋን አቁማ አንገቷን ጣለችበት። እኔም ቦታ ስለጠፋ የኋላ እግሯን ያዝኩ።