በቀኝ እጇ

ከድሮ ሚኒባሱን ከነሹፌሩ ደጅ አቁሞ ገባ። የኋላው ወንበር ተነቅሎ ፍራሽ ተነጥፎበታል። እናቱን ከቡታጅራ አንስቶ ገጠር ሊወስዳት ነው የመጣው፤ ዘመድ ተሰብስቦ በክብር ያስተኛት ብሎ።

«ሐኪሙ ተናግሯል እኮ» አላት እህቱን ሩፋይዳን። «በዚህ ዕድሜ ስትሮክ የመታው ሰው ይረፍ ነው ያለው።»

«እሱ ያየው ዕድሜዋን ነው፣ እሷን መቼ አያት? ሳቢሪን ግን እጇን ይዛ አይታታለች። ያረጀ ሰው ይዘገያል እንጂ ይመጣል ብላኛለች።»

ሳቢሪን የታመመ እጅና እግር እንቅስቃሴ የምታሠራ ወጣት የሆስፒታል ባለሙያ ናት።

«ያቺ ሕፃን!»

«ሕፃኗ ናት አንስታ ያስቀመጠቻት። አንተ ባለፈው ስትመጣ ተኝታ አልነበር?»

እናታቸው ሳሌሃ ግድግዳ ተደግፋ ታያቸዋለች። ቀኝ እጇ ጭኗ ላይ የሰው ዕቃ መስሎ ተጋድሟል። የታመመች ሰሞን ቤቱ በጠያቂ ተጨናንቆ፣ ጠያቂው ሁሉ አጉራሽ ነበር። በግራ መብላት ነውር፣ ቀኟ ደግሞ እምቢ አለ፤ እና አንዷ ስታጎርስ ሌላዋ አፏን ትጠርጋለች። ለትልቅ ሰው ክብር ነው። ሩፋይዳም አጉርሳታለች፣ ሳቢሪን መጥታ «ይህን እጅ የምትገድሉት እናንተ ናችሁ» እስክትላት። ከዚያ ወዲህ ማንም እንዳያጎርሳት ከለከለች። ሰፈሩ እናቷን የምታስርብ አላት። ይበል።

አሁንም የቡላ ገንፎው ፊቷ ቀርቧል፣ የሚያጎርሳት ግን የለም።

ከድሮ ይህን ሲያይ ደሙ ፈላ። «ወላሂ፣ እናቴን በረሃብ ልትገድያት ነው!» ተንበርክኮ ትልቅ ጉርሻ ዝቆ አፏ ውስጥ ከተተው። ሳሌሃ ትን አላት፤ ዓይኗ እስኪቀላ ሳለች።

ሩፋይዳ እጁን ገፍታ እናቷን ወደፊት ደገፈቻት። «አየህ ክብርህን?»

«እና ዝም ብዬ ልያት?»

«አዎ፣ ዝም በል። እሱን ነው ያቃታችሁ።»

ሹፌሩ ጡሩምባውን ነፋ። ማንም አልወጣለትም።

ሳሌሃ ትንፋሿ ሲመለስ ልጇን ከላይ እስከ ታች አየችው። ከዚያ «ቢስ…ሚላ» አለች። ቀኝ እጇ ከጭኗ ተነሳ። ወደቀ። ከድሮ ሊይዝላት ሲል እህቱ ኮቱን ይዛ ጎተተችው። እጇ እንደገና ተነስቶ ሳህኑ ጠርዝ ላይ ደረሰ፤ ጣቶቿ ገንፎው ውስጥ ገቡ። ግማሹ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ፣ ግማሹ አፏ ደረሰ። ዋጠችው።

ከድሮ «አልሐምዱሊላህ» ሊል አፉን ከፈተ። አላስጨረሰችውም፤ ዳግመኛ ዝቃ፣ እየተንቀጠቀጠች፣ ወደ እሱ ዘረጋችው። አፉን ስታ ጢሙን ቀባችው።

«ብ…ላ» አለች።

ጎንበስ ብሎ ከጣቶቿ በላ። እያለቀሰ ነበር፤ ሩፋይዳ ግን አላዘነችለትም።

«እማዬ፣ ገጠር ትሄጃለሽ?» አለቻት።

«እን…ቢ!»

ሩፋይዳ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ወርውራ ደጅ ወጣች። «ፍራሹን አውርድና ሂድ!» አለችው ሹፌሩን።

«አሮጊቷስ?»

«ፍራሹ ለልጇ ነው። እዚህ ያድራል፤ ነገ ጠዋት እጇን ማሠራት የእሱ ተራ ነው።»