የአገኘሽ ቤት ሲነሳ

አንዲት ሴት ፊት ለፊቴ ተቀምጣ «ምንም አልፈልግም፣ ብቻ አፋቱኝ» ስትለኝ ደሜ ይፈላል። አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር ውስጥ ነጻ የሕግ ድጋፍ በምንሰጥባት ጠባብ ቢሮ ይህን ቃል ሳልሰማ ያለፈ ሳምንት ትዝ አይለኝም። አምቦ ተወልጄ፣ አርባ ምንጭ ተምሬ፣ እዚሁ ሥራ ይዤ የቀረሁ ሰው ነኝ። ሐዊ እባላለሁ። ትዕግሥት የለኝም፤ አለቃዬም በግምገማ ቁጥር ይህንኑ ያነሳብኛል። አገኘሽ ግን ገና ከመግባቷ ያለችው ሌላ ነበር።

«ቤቴን እፈልጋለሁ» አለች። «ፍቺውን የፈለገው እሱ ነው፤ ይውሰደው። እኔ ቤቴን ነው የምፈልገው።»

ወዲያው ወደድኳት።

የመጣችው ከጨንቻ በላይ ካለ ቀበሌ ነው። ባሏ ኢሳያስ ሸማኔ ነው፤ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ እየሸመነ ይኖራል። እዚያ ሌላ ሴት አግብቷል። አሁን ያቺን ሴት አገር ቤት ሊያመጣት ስላሰበ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹም መክረው፣ መሬቱ ኢሳያስ ከአባቱ የወረሰው ስለሆነ አገኘሽ ልብሷንና ልጇን ሃናን ይዛ ወደ ወንድሟ ትሂድ አሉ።

«ወንድምዎስ ምን አሉ?» አልኳት።

«አንቺ በይኝ» አለች። «እርስዎ ስትይኝ ግብር ያልከፈልኩ ይመስለኛል። ተስፋጽዮን ምን ይበል? ከመንገዱ ዳር ባዶ ቦታ አለው፣ ኑሪበት ብሎኛል። ቤት ግን ከየት ያምጣ? የራሱ ቤት በልጆች ጢም ብሏል። አዲስ ለመሥራት ደግሞ ቀርከሃው የለኝም፣ ጉልበቱም የለኝም። ቤቴን ካጣሁ ሃናን ይዤ የሰው ምድጃ ዳር ማደሬ ነው።»

ቤቱን የሠሩት ከተጋቡ በኋላ ነው። ቀርከሃውን ከሸለቆው ጫፍ በጀርባዋ እያመላለሰች፣ ለሚጎነጉኑት ወንዶች ቆጮ እየጋገረች፣ ማታ ማታ ጥጥ እየፈተለች ነው ያቆመችው። ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም። እኔ ነኝ ወረቀት የምፈልግ መስዬ ወደ መሳቢያው ያጎነበስኩት።

ክስ መሠረትን። ጉዳዩ የሚታየው ጨንቻ ፍርድ ቤት ስለነበር በቀጠሮው ቀን በሚኒባስ ወጣሁ። ከአርባ ምንጭ ሙቀት ተነስቶ ያን ዳገት መውጣት ማለት ከምድጃ ዳር ተነስቶ ውኃ ውስጥ እንደመግባት ነው። ጥርሴ እየተንገጫገጨ ግቢው ስደርስ የኢሳያስ ጠበቃ በረንዳው ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። አቶ ሀብተጊዮርጊስ ይባላል፤ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ የቆመ ጠበቃ ነው። «ልጄ፣ ይህን ያህል መንገድ ለቀርከሃ ቤት ብለሽ ነው የወጣሽው?» አለኝ። አልፌው ገባሁ። ብመልስለት ኖሮ ከመዝገቡ በፊት እኔ ነበርኩ የምከሰሰው።

ዳኛዋ ወይዘሮ ዓለምጸሐይ ቀልድ አያውቁም። ሀብተጊዮርጊስ መሬቱ የውርስ መሆኑን አስረዳ፤ ይህን ማንም አልካደም። እኔ ደግሞ በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የጋራ ተደርጎ እንደሚቆጠር ጠቅሼ ምስክሮቼን አቀረብኩ። ቤቱን የጎነጎኑት ወንዶች አንድ በአንድ እየቀረቡ ሲሠሩ የበሉት የአገኘሽን ቆጮ መሆኑን ተናገሩ። እንደውም አንዱ ዳጣው እንዴት ያቃጥል እንደነበር ሊያወራ ሲል ዳኛዋ አስቆሙት። ቤቱ የጋራ ነው ተባለ። የመጀመሪያውን ዙር አሸነፍን።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ነበር። ቤቱ የጋራ ይሁን፣ ግን እንዴት ይከፈል? ክብ የቀርከሃ ቤት ለሁለት አይሰነጠቅም። ሀብተጊዮርጊስ ይህን ነበር የሚጠብቀው። «ደንበኛዬ ቤቱን ያስቀር፣ ለእሷ የድርሻዋን ግምት ይስጣት» አለ። ግምቱ ደግሞ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ምስጥ የቀመሰው ቀርከሃ ነው፣ የእንሰት ቅጠል የለበሰ ጣራ ነው ብለው ለአንድ በር የማይበቃ ነገር ሊያስጨብጧት ነው።

ተናደድኩ። ስናደድ ደግሞ ዝም ማለት አልችልም። «እንግዲያው» አልኩ፣ «ቤቱ መሬቱ ላይ ስለቆመ ከነግቢው ይገመትልን። ባለሙያ መጥቶ መሬቱንም ይለካ።»

መሬት የሚለውን ቃል ሲሰማ ኢሳያስ ሳይፈቀድለት ብድግ አለ።

«ክብርት ዳኛ፣ ቤቱንና መሬቱን ምን አገናኛቸው?» አለ። «ቤቱ ድንጋይ አይደለም፣ ሲሚንቶ የለውም። ምስጥ ሲጀምረው አንስተን ወዲያ እናስቀምጠዋለን። የአባቴ ቤት እንኳ ስንት ጊዜ ቦታ ቀይሯል። ቤቱ የሚነሳ ነው! መሬቴ ውስጥ ምን አስገባት?»

ሀብተጊዮርጊስ የኮቱን ጫፍ ጎተተው፤ ግን ረፍዷል። ወደ አገኘሽ ዞርኩ። እሷ ቀድማኝ እያየችኝ ነበር። 

«ክብርት ዳኛ» አልኩ፣ «ተከሳሹ ራሱ እንዳለው ቤቱ የሚነሳ ከሆነ ደንበኛዬ መሬት አትጠይቅም። ሌላውን የጋራ ንብረት፣ ላሚቱንም ሽሮ ሜዳ ያለውንም፣ እሱ ይውሰድ። እሷ ቤቱን ታንሳ።»

ዳኛዋ መነጽራቸውን አውልቀው ኢሳያስን አዩት። «ቤቱ ይነሳል ብለሃል። ትስማማለህ?»

ሀብተጊዮርጊስ ጆሮው ስር ሊያንሾካሹክ ሲጠጋ ኢሳያስ በእጁ ገፋ አደረገው። ፈገግ ብሏል። «ትውሰድ» አለ። «የሚሸከምላት ካገኘች።»

ዳኛዋ ጻፉ። እስከ ወሩ መጨረሻ ካላነሳችው ግን ቤቱ ለኢሳያስ ይቀርና ግምቱ ይከፈላታል።

ፈገግታው የገባኝ ውጪ ስንወጣ ነው። ኢሳያስ አጠገቤ መጥቶ፣ «የኔ እህት፣ እዚህ አገር ቤት የሚያነሳው የሰፈር ወንድ ነው። የሰፈሩ ወንድ ደግሞ ሁሉም የእኔ ዘመድ ነው» አለኝና ሄደ።

 ጎበዝ ጠበቃ ነኝ ብዬ ፍርድ አሸነፍኩ፣ ግን ለሴትዮዋ የማትሸከመውን ነገር ሰጠኋት። አገኘሽ ሚኒባሱ ድረስ ሸኘችኝ። በንዴት ስጤስ እሷ ስለ በር ታወራለች።

«አሁን በሩ የሚያየው የአባቱን ግቢ ነው» አለች። «ይህን ሁሉ ዓመት ከቤቴ ስወጣ የማየው የእናቱን ፊት ነበር። ወደ መንገዱ ነው የማዞረው። ገበያ የሚወርደውን ሁሉ ቁጭ ብዬ አያለሁ።»

«አገኘሽ፣ መጀመሪያ ይነሳ እንጂ!»

«ይነሳል» አለች። «ለቅሷቸው ላይ ያልተገኘሁበት ቤት የለም። ጥሪውን ላሰማቸውና እናያለን።»

ቅዳሜ ማለዳ ተመልሼ ወጣሁ። አለቃዬ «መዝገቡ ተዘግቷል፣ ምን ልትሠሪ ነው?» እንደሚለኝ ስለማውቅ ሳልነግረው ነው የሄድኩት። ጉም መንደሩን ሸፍኖታል። አገኘሽና ሃና ዕቃውን ሁሉ አውጥተው ሣሩ ላይ ደርድረዋል። ተስፋጽዮን ረጃጅም ግንዶች በግድግዳው ዙሪያ አስሯል። የመጡት ወንዶች ግን የእሱ ጓደኞች ብቻ ነበሩ፤ ያን የሚያህል ቤት ይቅርና የዶሮ ቤት የሚያነሱ አይመስሉም። ኢሳያስ ከአባቱ ግቢ በር ላይ ሸማውን እየሸመነ፣ ወይም እየሸመነ መስሎ፣ ተቀምጧል።

ጠበቅን። ጉሙ ሳሳ። ማንም አልመጣም። አገኘሽ የእጇን ጣቶች እያፍተለተለች ወደ ታች ወደ መንገዱ ታያለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈርታ አየኋት። እኔም ፈራሁ።

በመጨረሻ ከእንሰቱ መካከል ሃላቃው ብቅ አሉ። ሃላቃ በዚህ አገር ሰፈሩ መርጦ የሾመው የሚደመጥ ሰው ነው፤ አገኘሽን ልብሷን ይዛ ትውጣ ካሉት ሽማግሌዎች አንዱም እሳቸው ነበሩ። ደግሞ ምን ሊሉ ነው ብዬ ወገቤን ይዤ ልቀድማቸው ስል ከኋላቸው ያለውን አየሁ። የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ነው። ወጣቱም ጎልማሳውም በዱካው ይከተላቸዋል።

«ቤት ሊነሳ ነው ተብዬ መጣሁ» አሉ ሃላቃው። «ቤት ሲነሳ ቀርቼ አላውቅም። የፈረድነውንም አስበንበታል፤ ይህች ሴት እንዲያ መባል አልነበረባትም።»

አገኘሽ አንገቷን ደፍታ እጃቸውን ሳመች። እኔ ይህን ሁሉ ንዴት የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

እኩሌታው ከውስጥ፣ እኩሌታው ከውጭ ሆነው ግንዶቹን ያዙ። ከውስጥ፣ ከኋላ በኩል ግን አንድ ቦታ ክፍት ቀረ። ሃላቃው ኢሳያስ ወደተቀመጠበት ግቢ ዞሩ።

«ኢሳያስ።»

ቀና አላለም።

«ኢሳያስ፣ የአባትህ ቤት ሲነሳ እዚህ ከቆመው ውስጥ ያልተሸከመ ማን ነው?»

ሁሉም ያየዋል። ኢሳያስ መወርወሪያውን አስቀመጠ። ኮቱን አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቀለ። ማንንም ሳያይ መጥቶ ጎንበስ ብሎ ገባና ከውስጥ በኩል ክፍቱን ቦታ ያዘ። ደስ አለኝ፤ ክፉ ደስታ ነው፣ ግን ደስ አለኝ።

አንዱ ዜማ አወጣ፣ ሌሎቹ ተቀበሉ፣ ቤቱ ከመሬት ተላቀቀ። ከስሩ የሚታየው እግር ብቻ ነው። የአገኘሽ ቤት በሰው እግር እየተራመደ አጥሩን አለፈ፣ በእንሰቱ ጥግ ዞረ፣ መንገዱን ተሻገረ። ወደ ጨንቻ የሚወርድ ሚኒባስ ቆሞ አሳለፈን፤ ተሳፋሪው በመስኮት ወጥቶ ሊያልቅ ነበር። ሃና ከፊት እየሮጠች ድንጋይ ታነሳለች። ሴቶቹ እልል ይላሉ። እኔም አልኩ፤ የት እንደተማርኩት እንጃ።

የተስፋጽዮን ቦታ ስንደርስ ሃላቃው እጃቸውን አነሱ። ቤቱ ቆመ፣ ግን አልወረደም። «ተስፋጽዮን፣ በሩ ወዴት ይሁን?» አሉ። እዚህ አገር ይህ የሚጠየቀው ወንድ ነው።

«ቤቱ የኔ አይደለም» አለ ተስፋጽዮን። «እሷን ጠይቋት።»

ሁሉም ወደ አገኘሽ ዞረ። እሷ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ቤቱን አየችው። ዙሪያውን አየች።

«እስቲ ወደ ላይ አድርጉት» አለች።

እግሮቹ ተንሸራተቱ፣ ቤቱ ዞረ።

«አይ፣ ነፋስ ይገባል። ወደ እንሰቱ እስቲ።»

ዞረ። ከውስጥ ማቃሰት ይሰማል።

«ጨለመብኝ። ትንሽ መልሱት።»

«አገኘሽ፣ ወስኚ እንጂ!» አለ የኢሳያስ ድምፅ ከውስጥ።

«የቤቴ በር አይደል?» አለች ረጋ ብላ። «ላስብበት።»

መጀመሪያ ሃላቃው ሳቁ፣ ከዚያ የተሸከሙት ሳቁ፣ ቤቱ ራሱ በሳቃቸው ተንቀጠቀጠ። እኔ ሆዴን ይዤ ሣሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ወደ መንገዱ» አለች በመጨረሻ።

አወረዱት። በሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ ከውስጥ የነበሩት አንድ በአንድ ጎንበስ እያሉ ወጡ። አገኘሽ በሩ ላይ ቆማ እያንዳንዱን በስሙ እየጠራች አመሰገነች። ኢሳያስ የወጣው መጨረሻ ላይ ነው። እሱም ጎንበስ አለ፤ ሌላ መውጫ የለም። ላቡ በፊቱ ይወርዳል።

«እግዜር ይስጥህ፣ ኢሳያስ» አለችው እንደሌሎቹ ሁሉ። «ደህና ግባ።»

ኮቱን ሊያመጣ ወደ ላይ ሄደ። አገኘሽ ከኋላው አላየችም። ወደ እኔ ዞራ በሩን በእጇ መታ መታ አደረገች።

«ጠበቃዬ፣ እዚያ ሣር ላይ ምን ትሠሪያለሽ?» አለች። «ቤቴ ግቢ።»

ተነስቼ፣ ጎንበስ ብዬ ገባሁ።