እጅሽን ሰብስቢ

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ቤታችንም ሱቃችንም አንድ ክፍል ነው፤ ከመጋረጃው ወዲህ የስፌት መኪናዬ፣ ከመጋረጃው ወዲያ አልጋችን። ልጄ ሚጢጢ የምትተኛው ከወዲያ ቢሆንም ያደገችው ከወዲህ፣ ከመቁረጫ ጠረጴዛዬ ሥር ነው። አሁን ስድስት ዓመቷ ነው። ምላሷማ ጤፍ ይቆላል! ደንበኛ ገና ከበር ሲገባ «ለሠርግ ነው ወይስ ለሥራ?» ብላ የምትቀበለው እሷ ናት።

እጇ ግን አይነካም። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። አንዴ፣ ገና ድክ ድክ ስትል፣ ቅባት በነካው እጇ የአንዲት ሙሽራ ነጭ ቀሚስ ዳሰሰች። ሙሽሪት ያወረደችብኝን የስድብ መዓት ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል። ከዚያ ቀን ወዲህ የቤታችን ሕግ አንድ ሆነ፤ የሰው ዕቃ አይነካም። ደግሞስ የጋለ ካውያ አለ፣ መቀስ አለ፣ ስፒል አለ፣ ምን ላድርግ? እስቲ እናንተ ሱቅ ውስጥ ልጅ አሳድጉና ከዚያ ፍረዱብኝ።

ደንበኞቼ ነገሩን ጨዋታ አደረጉት። «ሚጢጢ፣ ነይ ይቺን ሐር ዳሰስ አድርጊያት፤ እናትሽ አታይሽም» ይሏታል። እጆቿን ከኋላዋ ትደብቅና «አልነካም!» ብላ ትስቃለች። «ግድ የለም፣ እኔ ፈቅጄልሻለሁ» ሲሏትም «አልነካም!» ነው መልሷ። ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ያኔ እጠራትና ሁለቱን መዳፎቿን እየሳምኩ «እነዚህ እጆች ይባረኩ» እላታለሁ። ኩራቴን ለማን ልንገረው!

ከሰፈራችን በላይ አንድ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት አለ። የልጆቹን ዩኒፎርም የማሳጥረው እኔ ነኝ፤ ግቢውን ግን ከአጥሩ ውጭ አላውቀውም ነበር። በየዓመቱ ከሰፈሩ አንድ ልጅ ፈትነው በነፃ ይቀበላሉ፤ አንድ ብቻ። ያውም አንደኛ ክፍል ከገባ በኋላ አይወስዱም። ይህን የነገሩኝ እዚያ ቢሮ የሚሠሩ ደንበኛዬ ናቸው፤ እትዬ ነው የምላቸው። ሚጢጢን ያስመዘገቡልኝም እሳቸው ናቸው። የዚያን ቀን አንድ ኮት ገልብጬ ሰፍቼ ፈታሁት፤ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበራ። ልጄ ወገቧ ሳይጎብጥ፣ ዓይኗ በመርፌ ቀዳዳ ሳያልቅ ልትኖር ነው እያልኩ።

«ፈተናው ምንድን ነው እትዬ?» አልኳቸው።

«ጨዋታ ነው። ክፍል ውስጥ ያስገቧቸውና ያይዋቸዋል።»

ያይዋቸዋል ሲሉኝ የገባኝ መሰለኝ። ጸባያቸውን ነዋ! እንደዚያ ያለ ትምህርት ቤት ባለጌ ልጅ ምን ያደርግለታል?

ባሌ የታክሲ ሹፌር ነው፤ እርጋታው ያናድደኛል። በፈተናው ጠዋት ጸጉሯን ስሠራት «ልጅቷን ልቀቂያት፤ እንደ ልቧ ትሁን» አለኝ።

«አንተ መሪህን ያዝ!» አልኩትና አገጯን ቀና አደረግሁት። «የሰው ቤት ነው የምንሄደው። እጅሽን ሰብስበሽ ቁጭ በይ፣ እሺ?»

«ንኪ ቢሉኝስ?»

«ሱቅ ውስጥ ንኪ ሲሉሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

ሳቀች። ገብቷታል።

ወላጆች ኮሪደር ላይ ተቀመጥን። ክፍሉ በመስታወት ይታያል፤ ድምፅ ግን አይሰማም። ቀለም፣ በገንዳ ውሃ፣ ለስላሳ ሰማያዊ ጭቃ፣ የእንጨት ብሎኮች፤ ወለሉ ላይ ያልተዘረገፈ ነገር የለም። ልጆቹ እንደ ተለቀቀ ጥጃ ፈነጩበት። አንዱ ውሃውን ደፋ፣ አንዷ ፊቷን በጭቃ ለቀለቀች። የእኔዋስ? ጥግ ላይ ካለች ወንበር ላይ፣ እግሮቿን ገጥማ፣ እጆቿን ከኋላዋ አድርጋ። ባሌን በክርኔ ጎሸም አደረግሁት። «እነዚያን ስዶች እያቸውና እሷን እያት!» አልኩት።

አንዲት መምህርት አጠገቧ ተንበርክካ ብሎኮቹን አቀረበችላት። ሚጢጢ ራሷን ነቀነቀች። መምህርቷ ደግማ ለመነቻት። ሚጢጢ እየሳቀች ራሷን ነቀነቀችና በመስታወቱ አሻግራ ፈለገችኝ። እኔ ቂሏ አጨበጨብኩላት።

ሲያበቃ ተጠራን። መምህርቷ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ብትሆን ይሻለኝ ነበር። «ልጃችሁ ጨዋ ናት» አለች። «ግን ምንም አልነካችም፣ ከማንም ጋር አልተጫወተችም። እኛ የምናየው ልጆች አዲስ ነገር ሲያገኙ ምን እንደሚያደርጉ ነው። ለዘንድሮ ሌላ ልጅ መርጠናል።»

«እኔ ነኝ! አትንኪ ያልኳት እኔ ነኝ! ልብስ ሰፊ ነኝ እኮ፣ ሱቅ ውስጥ ነው ያደገችው…» «በሞቴ፣ አንዴ ብቻ! እኔ ልንገራትና እይዋት።» ባሌ ክንዴን ያዘኝ፤ መነጨቅሁት። መምህርቷ ትንሽ አመነታችና በሩን ከፈተችልኝ።

ሚጢጢ እዚያው ወንበሯ ላይ ነበረች። ከብሎኮቹ አንዱን አነሳሁና ፊቷ አስቀመጥኩት።

«ንኪው» አልኳት።

ፊቷ በራ። ያ ጨዋታችን መሰላት። «አልነካም!»

«ሚጢጢዬ፣ የእውነቴን ነው። እኔ ፈቅጄልሻለሁ።»

«አልነካም!» «እኔ ፈቅጄልሻለሁ» ደንበኞቼም ቃል በቃል የሚሏት ነው።

«ንኪ አልኩሽ እኮ!» ብዬ ጮህኩ። እጇን ጎትቼ ብሎኩ ላይ አሳረፍኩት፤ እንዳይነካው ጣቶቿን ጭብጥ አደረገቻቸው። አሁንም ትስቃለች። ትልቁ ፈተና ይሄኛው መስሏታል።

«ይበቃል፣ እናት» አለችኝ መምህርቷ። አዝናልኛለች። ሐዘኗን ምን ላድርገው?

ታክሲው ውስጥ ባሌ መሪውን እንደያዘ ነው። «ልቀቂያት ብዬሽ አልነበር?» ቢለኝ ተጣልቼው ይወጣልኝ ነበር። አላለም። ከርሞ ዕድሜዋ ያልፋል። እንግዲህ ከጠረጴዛዬ ሥር ተነስታ አንድ ቀን ወንበሬ ላይ ትቀመጣለች፤ አበቃ።

«እማዬ» አለችኝ ሚጢጢ ከኋላ ወንበር። «ስንቴ እንደ ለመነችኝ አየሽ አይደል? ጭቃው ደግሞ ሲያምር! በጣም ልነካው ፈልጌ ነበር። ግን አልነካሁም።»

«አይቻለሁ» አልኳት።

ጋቢና ወደተቀመጥኩበት ተንጠራርታ ሁለት መዳፎቿን ፊቴ ላይ ዘረጋቻቸው። ዛሬ ገና አልተሳሙም። ንጹሕ ናቸው፤ የቀለም ጠብታ እንኳ የለባቸውም። ሳምኳቸው።

አልሰበሰበቻቸውም። ጠበቀችኝ።

«ይባረኩ በይ እንጂ!» አለችኝ።